አሜን ያለችው ቅቤ ነጋዴ

ተፈታች!

አባቴ ይህን የጮኸው ገና አጥሩን ሳያልፍ ነው። እሱ ደግሞ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ አናጺ ነው፣ የሚጮኸው መዶሻው ነው። እኔ ደጅ ልብስ አጥብ ነበር። ሳሙናው ከእጄ አመለጠ፣ እኔም ተከትዬው ተነሣሁ። «ማን?» አላልኩም። እኛ ቤት «ተፈታች» ሲባል «ማን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዓመት በላይ በየማታው «ጌታ ሆይ፣ ፍታልን» ስንልላት የኖርነው አንዲት ሴት ናት። እናቴ ከጓዳ እልል ስትል ጎረቤት ልጅ የተወለደልን መስሎት መጣ። እኔማ አረፋ በአረፋ በሆነ እጄ ሁሉንም አቀፍኩ።

ልብሱን አስጥቼ ስጨርስ እስክሪብቶ አነሣሁ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበበው ወዲህ ማን ይቻለኝ! ለነቀምቴ ሰው ሁሉ ብጽፍ ደስ ይለኛል። ስም ግን አልጽፍም። የእኔንም፣ የእሷንም፣ የማንንም። ስም ከአፍ ሲወጣ ምን እንደሚያመጣ ኋላ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

የያዙን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ስንጸልይ የነበርነው በአባቴ እህት ቤት ነው። አዳዳ ነው የምንላት። ባሏ ሞቶባት ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ቀርታለች። ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስባ፣ ያውም በኦሮምኛ፣ ወንጌል ታስተምራለች ተብላ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተይዛ ነበር። ሲለቋት «ሁለተኛ ብትያዢ ልጅሽን እንዳዘልሽ ወህኒ ትወርጃለሽ» ብለዋታል። እሷ ግን አልተወችም።

ያን ቀን የምታስተምረን ስለ ጸጋ ነበር። ሕፃኑን በጉልበቷ ላይ እያስፈነደቀች «እናንተ ጸጋን የምትጠብቁት እንደ ሙሽራ አጊጦ እንዲመጣ ነው» አለችን። «እሱ ግን የሚመጣው በሥራ ልብሱ ነው። ስለዚህ በየቀኑ በደጃችሁ ያልፋል፣ አታውቁትም።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ አንዱ ከደጅ ሮጦ ገባና «ፖሊስ!» አለ። አዳዳን በጓሮ በር፣ በቡናው መሐል አሳለፍናት። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዘን መዝሙሩን ከፍ አደረግነው። ፖሊሶቹ በሩን ሲገፉ የምንችለውን ያህል እየጮህን ነበር፤ የልጅ ለቅሶ አልሰሙም።

ሁላችንንም ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አሳደሩንና ሌሎቹን ሴቶች በማግስቱ ለቀቋቸው። እኔ የሰባኪዋ የወንድም ልጅ መሆኔ ስለታወቀ ቀረሁ፣ የሴቶች ክፍል አስገቡኝ። አባቴ ለሥራ ጊምቢ ሄዶ ነበር፤ ዋስ የሚሆንልኝ ሰው አልተገኘም።

የሴቶቹ ክፍል ጭቃ ቤት ነው። አንዲት መስኮት አለችው፣ ጭንቅላት አታሳልፍም። ወለሉ ላይ የተበላ ሰሌን፣ በሩ ዘንድ የውኃ ቆርቆሮ። ከግድግዳው ማዶ ቢሮው ነው፤ የአስር አለቃው ወንበር ሲንቋቋ፣ ሲያስል፣ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሁሉ ይሰማል። በጥጉ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ቀሚሷ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ በቆየ ልብስ ውስጥ የሰነበተ ቅቤ እንዴት እንደሚሸት ታውቁታላችሁ።

«ሰርቀሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እትዬ። ስንጸልይ ነው የያዙን።»

ማተቧን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ጸረ ማርያም!» አለችና ሰሌኑን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ አፈሩ ላይ ቀረሁ።

የእሷን ነገር ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። ወላጆቿ ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ እሷ አኖ በምትባል የመንገድ ከተማ ቅቤ ነጋዴ ናት። ወንድሟ ከባላባቱ ጋር በመሬት ተጣልቶ ጫካ ገባ። እሱን ሲያጡ እሷን ያዙ። ያለበትን እስክትናገር ወይ እሱ እጁን እስኪሰጥ ድረስ እዚያው ናት። ከአኖ ድረስ ምግብ የሚያመጣላት ስለሌለ ዘበኞቹ የተረፋቸውን ዳቦ ሲጥሉላት ትበላለች፤ ሲረሷት ሳትበላ ታድራለች።

ረቡዕ ዕለት እናቴ መጣች። ምግብ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ ሕጉ ነው። እናቴ ቀመሰች፣ ዘበኛው አቀበለኝ። ስከፍተው አንጮቴ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤ ርሶ። ያ ሥር ያለ ቅቤ አይሆንም ብላ የምታምን ሴት ናት እናቴ። የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከጥጉ የሆድ ጩኸት ሰማሁ።

«እትዬ፣ እንብላ» አልኩና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት።

መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ረቡዕ።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ረቡዕ ጾማቸው ነው።

«ዕድሜ ልኬን ቅቤ ስሸጥ ረቡዕና አርብ ጣቴን እንኳ ልሼ አላውቅም» አለች። «እስከ ዛሬ ያልተፈተንኩትን ዛሬ በአንቺ እጅ ልፈተን?»

«አላሰብኩትም እኮ።»

«እናንተ መቼ ታስባላችሁ! ብዪ፣ ብዪ። ፊቴን ላዙርልሽ?» ብላ የእውነት ፊቷን አዞረች።

መብላት አቃተኝ። ጾምኩ አልላችሁም፣ ለመጾምም አላሰብኩም። አፈርኩ እንጂ። ሳህኑ በሁለታችን መሐል እንደተቀመጠ ቅቤው ረጋ፣ ነጣ። እሷም ዞር ብላ አየችው፣ አልተነካም።  ትንሽ ቆይታ የሰሌኑን ጫፍ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ሲመሻሽ አስር አለቃው ቢሮውን ዘግቶ ወጣ። ያን ጊዜ ጸለይኩ። እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኛ በልባችን መጸለይ አይሆንልንም። ጮክ ብለን፣ ሰውን በስሙ እየጠራን፣ ከነሰፈሩ፣ ከነበሽታው ነው። እግዚአብሔር አድራሻ የሚጠፋበት ይመስል! ሴትዮዋ ከእኔ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነው፤ ያውም ጎጃም ጎጃም በሚል አማርኛ። ስለዚህ በኦሮምኛ ሆዴን ዘረገፍኩት። አዳዳን በስሟ ጠራሁ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ በእነማን ቤት እንዳለች ተናገርኩ። «ዋቃዮ አምላኬ፣ ሸሽጋት፣ ሕፃኑን ሳል ይዞታል፣ እንዳይሰማባት» አልኩ። አልቅሼ ጨረስኩ።

«አሜን» አለ ጥጉ።

እንባዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ደረቅሁ።

«ሕፃኑ ወንድ ነው ሴት?» አለች። በኦሮምኛ። ከእኔ ኦሮምኛ የጠራ ኦሮምኛ።

«ወንድ» አልኩ፤ ምን ልበል ሌላ። «ኦሮምኛ ያውቃሉ?»

«አኖ ገበያ ውስጥ ያደግሁ ሴት ነኝ። ቅቤ በአማርኛ ብቻ የሚሸጥ መሰለሽ?»

  ከዚያ ዋጋ እንደሚናገር ነጋዴ፣ ረጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ዛሬ ጧት ግቢው ውስጥ አስር አለቃው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ልጅቷን አናግሪያት፤ ያቺ ሰባኪ የተደበቀችበትን ካወጣሽልኝ የወንድምሽን ነገር ትቼ ወደ ቤትሽ እሸኝሻለሁ አለኝ።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ተከናነበችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ልለምናት ፈለግሁ። ምን ብዬ ልለምናት? እሷ በዚያች ቃል የምትገዛው ቤቷን ነው፤ ገበያዋን፣ ምድጃዋን፣ የራሷን አልጋ ነው። እኔ በምትኩ የምሰጣት የረጋ አንጮቴ ነው። አዳዳ ሕፃኑን አዝላ በመኪና ስትጫን ታየችኝ። የሕፃኑ ሳል ተሰማኝ። ያን ሌሊት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ ጸለይኩ።

ሲነጋ ከቆርቆሮው ውኃ ቀድታ ፊቷን ታጠበች። ማተቧን አስተካከለች። «አካም ቡልቴ?» አለችኝ፤ እንዴት አደርሽ መሆኑ ነው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ጠሯት። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጭቃው ይቀዘቅዛል።

ወንበሩ ተንቋቋ።

«እህሳ፣ ምን አለችሽ?»

«ምንም አላለችኝም።»

«ሌሊቱን ሙሉ አብራሽ ሆና?»

«ከእኔ ጋር አላወራችም። ጸለየች።»

«ምን ብላ?»

«እሱን እግዚአብሔርን ጠይቀው። ለእሱ ነው የነገረችው።»

«አትቀልጂ ሴትዮ። ሰምተሻል ወይስ አልሰማሽም? አልሰማሁም ካልሽ በማርያም ማይ!»

 እኔ እንዴት እንደምትምል አውቄአለሁ፤ ያንን ማተብ ይዛ በሐሰት አትምልም።  ውጭ አህያ ጮኸ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ጆሮዬን ከግድግዳው አነሣሁ፣ መልሼ ለጠፍኩ።

«እና የት ናት?»

«ለሌላ የተነገረ ነገር ነው የሰማሁት። አደራ ነው። ጌታው፣ የእናቴን ልጅ ያልሰጠኋችሁ ሴት የሰውን እህት የምሰጣችሁ መሰለህ?»

«ቤትሽን አትፈልጊም?»

«እንዴት አልፈልግም። ድመቴ እንኳ ምን እንደበላች አላውቅም።»

ከዚያ በጥፊ መታት። አንድ ጊዜ። ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ።

እሷን ሲያስገቡ እኔን አስወጡኝ። በሩ ላይ ተላለፍን። ጉንጯ ቀልቷል። ሳታየኝ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ሂን ሶዳቲን» አለች፤ አትፍሪ።

አስር አለቃው እንደ አጎት ነው የጀመረኝ። ተማሪ እንደሆንኩ፣ የወደፊት ተስፋ እንዳለኝ፣ እናቴ በር ላይ እየተንከራተተች እንደሆነ። «ሴትዮዋ መስማቷን አምናለች። ስለዚህ አንቺ ታውቂያለሽ። አንዲት ቃል ተናገሪና ሂጂ።»

«አላውቅም» ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል። ግን የዚያች ሴት ጉንጭ እንዲያ ሆኖ እያየሁት እኔ ምን ብዬ እዋሻለሁ? እሷ መዋሸት ስላልፈለገች እኮ ነው ቤቷ ያልሄደችው።

«አውቃለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። «አልናገርም።»

ግቢው ውስጥ ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ ነበር። እዚያ አንበረከኩኝ። ፀሐዩ ገና የጧት ነው ይባላል፣ እኔን ግን አቃጠለኝ። ጠጠሩ መጀመሪያ ይወጋል፣ ቀጥሎ ይገባል፣ ከዚያ ጉልበት የራስ መሆኑ ይቀራል። ዘበኞቹ ጥላ ውስጥ ቆመዋል። አስር አለቃው በእግሩ እየተንጎራደደ «የት ናት?» ይላል፤ እኔ ዝም። «የት ናት?» ዝም። እንባዬ ሲወርድ ሊጠርገው እጄ ተነሣ፣ መልሼ አወረድኩት። ትንሽ ቢቆይ ልናገር እንደምችል ያን ጊዜ ተሰማኝ። ሰውነቴ ከእኔ ጋር አልነበረም።

ያኔ ከዚያች ጭንቅላት ከማታሳልፍ መስኮት ድምፅ መጣ፤ ገበያ ውስጥ ሰው የሚጠራ ድምፅ።

«አስር አለቃ! ኧረ አስር አለቃ! ጸሎት አበዛች ብለህ ይዘሃት፣ ይኸው አንተው አንበረከክሃት! ዛሬ ደግሞ ልታሰብካት ነው?»

አንዱ ዘበኛ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ሁለተኛው አልሞከረም። አስር አለቃው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ እነሱ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ተንበርክኬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ የእውነትም የምጸልይ እመስል ነበር።

«ተነሺ» አለኝ። «አስገቧት!»

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከጊምቢ ደርሶ መጣ። ጎረቤታችን ጉራጌው ባለ ሱቅ ዋስ ሆነልኝ። እሱ ከእኛ ጋር አይጸልይም፤ «ይቺ ልጅ ሌላ ቀርቶ ከሱቄ ከረሜላ ወስዳ አታውቅም» ብሎ ፈረመ። ከመውጣቴ በፊት ነጠላዬን ለሴትዮዋ ልሰጣት ስል አልተቀበለችኝም።

«እትዬ፣ እኔ ወጣሁ፣ እርስዎ ግን በእኔ ምክንያት…»

«ሂጂ ወዲያ! ነገ አርብ ነው። ቅቤ እንዳታመጪ።»

አርብ ሄድኩ። ጉልበቴ ስላበጠ እያነከስኩ ነው። እናቴ አንጮቴውን በኑግ ለውሳዋለች፤ ስትለውሰው ፊቷን ብታዩት፣ ሬሳ የምትገንዝ ይመስላል። በሩ ላይ የቆመው ያ ሳቁን በሳል ሊሸፍን የሞከረው ዘበኛ ነው።

«ለማን ነው?»

ነገርኩት።

«ለእሷ የሚያስገባው ዘመድ ብቻ ነው፣ ተብሏል። ምኗ ነሽ?»

ያን ቃል አስቤበት አልመጣሁም። «ልጇ ነኝ» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ጸረ ማርያም ልጅ፣ ባለ ማተብ እናት! ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?»

«ጾመኛ ናት። ጾሟን እያስጠበቅናት ነው።»

«እንግዲህ ቅመሺ፣ ልጇ።»

ቀና ብዬ፣ በሁሉም ፊት፣ በሦስት ጣቴ ቆረስኩና ቀመስኩ። ልጅ ለእናቱ እንደሚቀምሰው። ዘበኛው ሳህኑን ወሰደ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየም፣ ከመስኮቱ ያ የገበያ ድምፅ መጣ፦

«ጨው አንሶታል!»

ከዚያ በኋላ ወህኒ ቤት አወረዷት። አስር አለቃው ቃሉን ስላጠፈ ሳይሆን እሷ ውሉን ስላፈረሰች ነው፤ እንደ ነጋዴ ብትጠይቋት እንዲህ ትላለች። እኛም ተከተልናት። ረቡዕና አርብ በኑግ፣ ሌላውን ቀን በቅቤ። አዳዳም ከተደበቀችበት ኑጉን ወቅጣ ትልክ ነበር። ሹሙ ተቀይሮ ነገሩ ሲቀዘቅዝ አዳዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ አሁንም ታስተምራለች። አሁን ደግሞ ሽማግሌዎች ወንድምየውን ከባላባቱ አስታረቁ፤ እጁን በሰላም ሰጠ፣ እህቲቱም ወጣች።

ከልጅነቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሰማሁት የእስር ቤት ታሪክ መሬት ተናውጦ በር የሚከፈትበት ነው። ያኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እሱን ስጠብቅ ነበር። ምንም አልተናወጠም። አሁን ኑግ ስወቅጥ አንዳንዴ ሙቀጫውን አቁሜ የአዳዳን ነገር አስበዋለሁ። የሥራ ልብስ ያለችው እኔ ያየሁት ከሆነ፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ያልለመንኩት፣ የማይገባኝ፣ ያውም «ጸረ ማርያም» እያለኝ ሰሌኑን በእግሩ የገፋልኝ ነገር ነው። ሁልጊዜ አላውቀውም፤ አንዳንድ ቀን ያልፈኛል። ግን አሁን ደጄን አያለሁ።

አባቴ ከእሷ መልእክት ይዞ መጥቷል። እንደተነገረኝ ልጻፈው፦ «ለልጄ ንገራት። በሚመጣው ቅዳሜ ቤቴ ነኝ፤ ጾም የለም። ያቺን ስሟን በጸሎት የሰማኋትን ሴት ከነልጇ ታምጣልኝ፣ በዓይኔ ልያት። ሌላም የሚመጣ ካለ ይምጣ። አንጮቴ ነው፤ በቅቤ።»

ስለዚህ አዳዳ ትሄዳለች። ሕፃኑ አሁን በእግሩ ይሄዳል፣ ሳሉም ለቆታል። እናንተም ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ተጋብዛችኋል፤ ማተብ ያሰራችሁም ያላሰራችሁም። በአዲስ አበባው መንገድ አኖ ላይ ውረዱና ቅቤ ነጋዴዋን ጠይቁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይነግሯችኋል፣ ስም አያስፈልግም። ከመብላታችን በፊት እንጸልያለን፤ እንደ ልማዳችን ጮክ ብለን፣ እያንዳንዳችሁን በስማችሁ እየጠራን። አትፍሩ። እዚያ ቤት አሜን የሚል አይጠፋም።